ጠብህን ንዳ፣ እኛ ቀስ እንላለን

«ጠብመንጃ ተሠርቶ ሳለ ቀስት ይዞ አጋዘን ማደን ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?» ይላል ወዳጃችን። ጎበዝ፣ ስሙልኝማ! ከ200 ሜትር ተኩሶ ሲያበቃ፣ ወንዴ ይሁን ሴቴ ሄዶ የሚያጣራ ሰው ነው እኛን ሞኝ የሚለን።

ኧረ የያዝከው መሣሪያ ራሱ ያሳብቅብሃል! አንተ ጠብ-መንጃ ይዘሃል፣ ጠብ ትነዳለህ። እኛ ቀስት ይዘናል፣ ቀስ እንላለን።

«ከ300 ሜትር አልሜ እመታለሁ» አልክ? ከዚያ ርቀት ማለም ከሆነ ትራስ እናቀብልህ!

«ቀስት ቀርፋፋ ነው» አልክ። ነዋ! ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። ጥሩ የሚባለው ዘመናዊ ቀስት ፍላጻውን በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የገመዱ ድምፅ ፍላጻውን ቀድሞ አጋዘኑ ጆሮ ይገባል። የደነገጠ አጋዘን ለመፈትለክ መጀመሪያ ሸብረክ ይላል፤ ፍላጻው በጀርባው ላይ ያልፋል። እናም ቀስተኛ 20 ሜትር ያህል እስኪጠጋለት፣ እስኪረጋጋለት፣ ጎኑን እስኪሰጠው ይጠብቃል። ገመዱን የሚስበው አጋዘኑ አንገቱን ሲደፋ ወይም ዓይኑ በግንድ ሲጋረድ ነው። ነፋሱ ዞሮ የቀስተኛውን ጠረን ለአጋዘኑ ካደረሰ አለቀ፣ ባዶ እጁን ይገባል። ያንተ ጥይት ግን በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይበራል፣ ድምፅን ጥሎት ይሄዳል። አጋዘኑ አልሰማህ፣ አንተ አላወቅከው። እንዲሁ ተላለፋችሁ!

«መዘውር የገጠመ ቀስት ማሽን ነው» አልክ። ሆሊስ አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 ለፈጠራው የባለቤትነት ጥያቄ ያቀረበበት መዘውር ክንድ ያሳርፋል እንጂ አጋዘን ጎትቶ አያመጣም። ለመቅረብ እግር ያስፈልጋል፣ ወንድሜ። አንተ ግን የምታንቀሳቅሰው ጣትህን ብቻ ነው።

«ቀስት ያቆስላል» አልክ። ያንተ ምላጭ ጣትህ ሥር ነው፤ የእኛ ምላጭ ፍላጻው ጫፍ ላይ ነው! ያ ስለት ሁለቱን ሳንባ ቆርጦ ካለፈ አጋዘኑ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ያለ አቅሙ ከሩቅ የሚለቅ ቀስተኛ ያቆስላል፣ እውነት ነው። እሱን ለመስደብ ግን ተሰለፍ፣ ከፊትህ እኔ አለሁ።

ልብስህንስ እንየው እስቲ። በዊስኮንሲን የጠብመንጃ ወቅት ሲገባ አጋዘን አዳኝ ሁሉ ከሩቅ የሚጮህ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ቀለም እንዲለብስ ሕግ ያስገድዳል። አጋዘን እንደሆነ ብርቱካንማን ከአረንጓዴ በቅጡ አይለይም። ታዲያ ለማን ብለህ ተሸለምክ? ለጓደኛህ! አጋዘን መስለኸው እንዳይደፋህ! በዚያ ሰሞን ጫካ የገባ ቀስተኛም ያንኑ ያጠልቃል፤ ካንተ ለመትረፍ።

አሁን ደግሞ የቨርጂኒያ ወገኖች መስክሩልኝ። ባለ ነጭ ጭራው አጋዘን ጓሯችሁ ገብቶ ጎመናችሁን ሲመለምል፣ ማታ መንገድ መሃል ቆሞ መኪናችሁን ሲያስተረትር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፌርፋክስ ካውንቲ የአጋዘኑን ብዛት ለመቀነስ በየፓርኩ በዋናነት የሚያሰማራው ቀስተኞችን ነው። ለምን? ቀስተኛው ዛፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ይለቃል። ፍላጻው ቢስት እዚያው መሬት ላይ ይሰካል። የጠብመንጃ ጥይት ግን ከሳተ አንዳንዱ አራት ኪሎ ሜትር ድረስ ይጓዛል። ከቨርጂኒያ ጓሮ ተነስቶ አራት ኪሎ መድረስ ያለበት ናፍቆታችን እንጂ ጥይትህ አይደለም!

በል፣ ክርክሩ ይብቃ። የቨርጂኒያ የቀስት ወቅት ከጠብመንጃው ሳምንታት ቀድሞ ነው የሚከፈተው። መነጽርህን ፍታ፣ ጠብመንጃህን ቆልፈህ አስቀምጥና ና። 20 ሜትር ድረስ አስጠጋው። ትንፋሹን ስማ። ያን ጊዜ ልብህ አንተን ካላስደነገጠህ እኔ ቀስቴን እሸጣለሁ።