በርታ!

የክፍል ጓደኛውን የጥናት ረቂቅ አንብቦ እውነቱን የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ አስተዳደጉ ያሳስበኛል። እዚህ ጅማ ደግነቱ እንዲህ ያለ ባለጌ ብዙም አይበቅልም።

የእኛ ወግ ያምራል። አርባ ገጽ ድራፍት ማታ በቴሌግራም ይመጣል፤ ጠዋት “አየሁት፣ ምርጥ ነው፣ በርታ!” ይባላል። አየሁት እንጂ አነበብኩት ያለ የለም። ኅሊናው የሚቆረቁረው ካለ ኮሜንት ይጨምራል፤ ርዕሱ ቦልድ ይሁን፣ የመስመሩ ክፍተት 1.5 ይሁን። በቃ፣ ተገመገመ።

ስለ ጎማ ወረዳ ቡና አምራቾች የተጻፈ አንድ ረቂቅ እናስብ። ገጽ 3 ላይ ገበሬዎቹ ጎማ ናቸው፤ ገጽ 17 ላይ ጠቅላላ ሐዋሳ ገብተዋል። ጨዋ አንባቢ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ በሰው ጉዞ ምን ጥልቅ አደረገው? ናሙናው እንደ ወትሮው 384 ነው፤ ለማይመልሱት 10 በመቶ ሲታከል 422። “በአካባቢው የተሠራ ጥናት ስለሌለ ምጣኔው 50 በመቶ ተብሎ ተወሰደ” ይላል። ጥናት የሌለው እንግዲህ እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ቡና ሲያጠና በኖረበት አገር ነው። ይህን መጠየቅ ነውር ነው፤ በተለይ የጠያቂው ድራፍት ነገ ለዚያው ሰው የሚላክ ከሆነ። እከክልኝ ልከክልህ ያለ ምክንያት አልተባለም።

መልኮዎች ይህ ጨዋነት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሲከሰት፣ ከየጫካው እናት ዛፍ እየለቀሙ በበሽታው ፈተኑ፤ ያልቻለውን ጣሉ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ ወንፊት የተረፉ ናቸው፤ 74ቱ የተመረጡበት ዓመት ነው። ለየዛፉ “በርታ” ብሎ ማለፍ ሲቻል፣ እንዴት ያለ ጭካኔ!

የቡና ቀማሾቹማ ይባስ። ሰው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ቡና በማንኪያ ፉት ብለው ይተፉታል። ሻጋታ ከሸተተ ሻጋታ፣ አፈር አፈር ካለ አፈር ብለው ይጽፋሉ፤ ባለቤቱ ይቀየመኛል የለም። በዚህ ብልግናቸው ነው መሰለኝ አቅራቢው በሚቀጥለው ዓመት ጀንፈሉን ከመሬት አንስቶ አልጋ ላይ የሚያሰጣው።

ደስ የሚለው ግን ባለ ረቂቁ ዲፌንስ የሚያደርግበት ቀን ነው። ኤግዛሚነሩ ገጽ 17 ላይ ደርሶ “ሐዋሳ መቼ ሄዳችሁ?” ሲል፣ በርታ ባዩ ኋላ ወንበር ላይ አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል። ወዳጁ በላብ ተጠምቆ፣ እርማቱን ተሸክሞ ሲወጣ ግን አበባ ይዞ የሚቀበለው እሱ ነው። ከዚያ በሩ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም፦ “ክራቫትህ ተጣሟል፣ ዐይንህን ጨፍነሃል፣ ብርሃኑም ልክ አይደለም፤ ይደገም!”