ያልተገኘ ይቀጣል

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የእድሩን 30ኛ ዓመት በዓል ጥሪ ስልኬ ላይ ያለው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይጻፍልኝ ብዬ አዘዝኩት። «ደስታችን ወሰን በሌለው በዚህ ታሪካዊ ዕለት...» ብሎ አምስት አንቀጽ ዘረገፈልኝ። የእድሩ ዳኛ አንብበው «ይሄ የባንክ ነው?» አሉኝ።

ልጄ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ ምሳሌ ስጠው እንጂ!» ጂፒቲ-3 የተባለውን የቋንቋ ሞዴል የሠሩት ሰዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው አለች፤ ሞዴሉ እንደ አዲስ ሳይሰለጥን፣ ጥያቄው ውስጥ ጥቂት ምሳሌ ካየ የሥራውን መልክ ይይዛል።

ደብተሬን ገልጬ የቅርቦቹን ሦስት ማስታወቂያዎች ሰጠሁት። ሦስቱም የቀብር ናቸው። (እድር ነው፤ ሌላ ምን ይኖረዋል?) መልሱ ወዲያው መጣ፦

«ሥርዓተ በዓሉ እሁድ በ6 ሰዓት ስለሚፈጸም በሰዓቱ ተገኝታችሁ እንድትሸኙ። ሠልስቱ ማክሰኞ ነው። ያልተገኘ 100 ብር ይቀጣል።»

አጻጻፉ ቁርጥ የእኛው ነው። ምን ልበለው? ከሰጠሁት ውስጥ የቱ የእድሩ ወግ፣ የቱ የሟች ጉዳይ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ደግሞ እኔም በዚሁ በሽታ ታምሜ አውቃለሁ። ጸሐፊነቱን ስረከብ የቀድሞው ጸሐፊ አንድ ማስታወቂያ ለናሙና ሰጥተውኝ ነበር። ከግርጌው «ዳኛው ወደ ገጠር ስለሄዱ፣ ስለ ዳኛው» ይላል። የእድሩ ደንብ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱኑ ስገለብጥ ኖርኩ። አንድ ቀን ዳኛው ከጎኔ ተቀምጠው ወረቀቱን አዩና «ልጄ፣ እኔ ግን መቼ ነው የምመለሰው?» አሉኝ።

ስለዚህ ምሳሌዎቹን ቀየርኳቸው፤ አንድ የቀብር፣ አንድ የድንኳን ኪራይ፣ አንድ የጠቅላላ ጉባኤ። መጨረሻ ላይ ያየው ይጎትተዋል ሲባል ስለሰማሁ የቀብሩን ከላይ አደረግኩት። «አጭርነቱን ያዝ፣ ለቅሶውን ተው» ብዬም ጨመርኩ።

«እሁድ በ6 ሰዓት 30ኛ ዓመታችንን እናከብራለን። ምሳ አለ። ያልተገኘ 100 ብር ይቀጣል።»

የመጨረሻዋን ልሰርዝ ስል ዳኛው እጄን ያዙኝ። «እሷን ተዋት።»

እሁድ ድንኳኑ ጢም አለ። ገንዘብ ያዣችን የደረሰኝ ጥራዙን ይዞ በር ላይ ቆሟል።