የእትዬ ዴስክቶፕ

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እሑድ እንጦጦ ማርያም አስቀድሼ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጉሙ እስኪገፈፍ ጥቂት ቆየሁ። አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሬን ምን አደረግህብኝ?»

እትዬ ናቸው። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ይሠራሉ። ድምፃቸው ለቅሶ ለቅሶ ይላል።

ቅዳሜ 14 ኮምፒውተሮችን ዶሜይን ውስጥ ሳስገባ ነበር የዋልኩት፤ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ሰርቨር በኩል እንዲገባ። የእትዬው ከጠዋቱ አስቸገረኝ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል፤ ሰርቨሩ 9 ሲል የእሳቸው 3 ይላል። ዶሜይን ደግሞ በተለምዶ ከ5 ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነት ካየ አያስገባም። እሱስ ቀላል ነበር፤ ከባዱ ዴስክቶፑ ነው።

ዊንዶውስ ሰውን በስሙ አያውቀውም። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ኤስ.አይ.ዲ የሚባል ረጅም ቁጥር አለው፤ ዴስክቶፑም ሰነዱም የሚከፈተው ለዚያ ቁጥር ነው። ዶሜይን ውስጥ ሲገባ ስሙ ያው ቢሆንም ቁጥሩ አዲስ ነውና ፕሮፋይል የሚባል ባዶ ፎልደር ይሰጠዋል። አሮጌው ግን የትም አልሄደም። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ የእንጦጦው ቤተ መንግሥት እዚያው ተራራው ላይ እንደቀረ ነው፤ እሑድ ጠዋት እንኳ በአጠገቡ አልፌያለሁ።

እትዬ ቅዳሜ በአዲሱ መግቢያ ገብተው ባዶውን ዴስክቶፕ ሲያዩ ክው አሉ። «አይዞዎት፣ ይመለሳል» ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ሬጅስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ከፍቼ የአዲሱን ቁጥር አድራሻ ወደ አሮጌው ፎልደር አዞርኩ። ፎልደሩን እንዲከፍት ለአዲሱ ቁጥር ፈቃድ መስጠት ግን ዘነጋሁ። የይለፍ ቃላቸው በእጄ ስላልነበረ ሳልሞክረው ቆልፌ ወጣሁ።

በጀት መዝጊያ ነውና እትዬ እሑድም ገቡ። ዊንዶውስ አሮጌውን ፎልደር መክፈት ሲያቅተው ጊዜያዊ ፕሮፋይል ሰጣቸው፤ ይህንንም በእንግሊዝኛ ጽፎ ነግሯቸዋል። ማን ያነበዋል? ሦስት ሰዓት ሙሉ ደረሰኝ ሲመዘግቡ ቆይተው ሥራውን ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጡ። ሻይ ሊጠጡ ዘግተው ወጡ። ጊዜያዊ ፕሮፋይል ባለቤቱ ዘግቶ ሲወጣ ይጠፋል፤ በውስጡ የተቀመጠውም አብሮ። ተመልሰው ሥራቸውን ሲያጡት ነው የደወሉልኝ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስደርስ ወረቀቶቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ለፎልደሩና በውስጡ ላለው የሬጅስትሪ ፋይል ፈቃድ ሰጠሁ፤ ሬጅስትሪው ውስጥ ዊንዶውስ ቁጥሩ ጫፍ ላይ የቀጠላትን «ነጥብ ባክ» አነሳሁ፤ ማሽኑን አስነሳሁት። የልጃቸው የምረቃ ፎቶ ስክሪኑን ሞላው፤ የስምንት ዓመት ፋይላቸውም እንዳለ ተመለሰ።

የሦስት ሰዓቱ ሥራ አልተመለሰም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እንግዲህ ቁጭ በልና አንብብልኝ» አሉኝ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እያነበብኩላቸው፣ እሳቸው እየጻፉ መሸብን።

የሙያ ጓደኞቼ፣ ፕሮፋይል ከማዛወራችሁ በፊት ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ባለቤቱ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ዶሴውን ሳይከፍት ከቢሮው አትውጡ። ባለ ኮምፒውተሮችም፣ «ጊዜያዊ ፕሮፋይል» የሚል መልእክት ካያችሁ ምንም ሥራ አትጀምሩ። ጀምራችሁ ከሆነም ሳትዘጉ ሥራውን ፍላሽ ላይ ገልብጡና ባለሙያ ጥሩ።