ስሙን እወቁ፣ ሌላው ይደርሳል

የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ሆይ፣ ምክሬን ስሙኝ፤ ለመናገር አትቸኩሉ። ቋንቋው ዕድሜ ልክ ይፈጃል፤ የሰዋስው መጠሪያዎቹን ለመሸምደድ ግን የፈተናው ዋዜማ ሌሊት ይበቃል።

ከናውን ጀምራችሁ ኢንተርጀክሽን ድረስ ቁጠሩ፤ የቃል ክፍሎች ስምንት ናቸው። ለምን ስምንት ሆኑ ብሎ መጠየቅ አስተማሪ ያስቆጣል። የጥንት ግሪኮች ለራሳቸው ቋንቋ ስምንት ቆጠሩ። ሮማውያን ቆጠራውን ለላቲን ሲወስዱት አርቲክል የሚባል ነገር አልነበራቸውምና እሱን አውጥተው ኢንተርጀክሽንን በቦታው አስገቡ፤ ስምንቱ ስምንት ሆኖ ቀረ። እንግሊዝኛ አርቲክል አለው፤ ሆኖም የተረከበው የሮማውያንን ዝርዝር ነው። የኛው ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በተባለው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አምስት ይበቃል ብለዋል። እናንተ ግን የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ስምንት በሉ።

ሲሚሊን ከሜታፎር መለየት ያስቸግራል የሚሏችሁን አትስሙ። «ላይክ» ወይም «አዝ» ካለ ሲሚሊ፣ ከሌለ ሜታፎር፤ አለቀ። በዚህ ሕግ መሠረት «አይ ላይክ ሽሮ» እጅግ ያማረ ሲሚሊ ነው፤ ተናጋሪው ራሱን በሽሮ መስሏል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነጻጻሪ ዘይቤና ተለዋጭ ዘይቤ የሚባሉ ነገሮች ተምራችሁ ከሆነ ደብተሩን ዝጉት፤ ሁለቱ ደብተሮች ከተዋወቁ ነገሩ ይገባችኋል፣ ከገባችሁ ደግሞ መሸምደዱ ይቀራል።

ዋናው ጉዳይ ፓሲቭ ቮይስ ነው። ተደራጊውን ከኋላ አንስታችሁ ፊት ታስቀምጣላችሁ፣ «ቱ ቢ»ን በጊዜው ልክ ትቀይራላችሁ፣ ፓስት ፓርቲሲፕል ታስከትላላችሁ። አድራጊው ከፈለገ «ባይ»ን ይዞ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ካልፈለገ ይቀራል። የፓሲቭ ሙያው እንግዲህ ይህ መቅረት ነው። አበበ በሶ ከበላ ጣጣው የአበበ ነው፤ በሶው ከተበላ ግን ማንም የለበትም። አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንኳ ብርጭቆ ጥሎ እናቱ ስትመጣ «ተሰበረ» ይላል እንጂ «ሰበርኩት» አይልም፤ በአንዲት «ተ» ከቁንጥጫ ይድናል። ይኸው ልጅ አድጎ ወንበር ሲያገኝ «ፋይልዎ ወደሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ይላል። ማን መራው? ወዴት? ፓሲቭ ነው፣ አይጠየቅም። እንዲህ ያለ ሕዝብ በፓሲቭ ጥያቄ ማርክ ሲጥል ሳይ ይገርመኛል።

ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ባወጣው መጣጥፍ፣ በአክቲቭ መጻፍ እየተቻለ ፓሲቭ አትጠቀሙ ሲል መክሯል። እዚያው መጣጥፍ ውስጥ ስለ ፓሲቭ መብዛት የሚያማርርበት ዓረፍተ ነገር ራሱ ፓሲቭ ነው። ምክሩን ጻፉት፣ አሠራሩን ከእሱ ተማሩ።

ኮንዲሽናል ሦስት ዓይነት ነው ተብላችኋል። የመጀመሪያው የሴሚስተሩ መግቢያ ነው፤ ካጠናሁ አልፋለሁ። ሁለተኛው የፈተናው ወረቀት ላይ ይመጣል፤ መልሱን ባውቅ እጽፈው ነበር። ሦስተኛው፣ ባጠና ኖሮ ባለፍኩ ነበር የሚለው፣ ውጤት ሲለጠፍ ያለ አስተማሪ ይገባል። ኦኖማቶፒያን ትርጉሙን ተዉት፤ ስፔሊንጉን ብቻ ያዙ።

በመጨረሻም ዓረፍተ ነገር በፕሪፖዚሽን እንዳትጨርሱ። በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ፣ ለከበደ ጽሑፍ ፕሪፖዚሽኑን ወደ ፊት ማምጣት ይሻላል ብሎ አስተምሯል። እዚያው ላይ ደግሞ በፕሪፖዚሽን መጨረስ የቋንቋችን ዝንባሌ ነው ሲል ዓረፍተ ነገሩን «ቱ» በሚል ፕሪፖዚሽን ጨርሶታል። ይህን ለአስተማሪያችሁ መንገር ትችላላችሁ፤ ካርድ ከተሰጠ በኋላ ይሁን እንጂ።