ሌሶቶ በስንት ቀን ታልቃለች?

የጉብኝት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ካርታ ፊት ሲቀመጥ ድፍረቱ አያድርስ ነው። በተለይ እንደ ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች፣ ስፋቷም 30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች አገር ካጋጠመችው፣ “ይቺማ በሁለት ቀን ታልቃለች” ብሎ ሦስተኛውን ቀን ለኬፕታውን ይመድባል። የእኔ ክርክር አጭር ነው፤ ወደ ሌሶቶ ደጋ ሲታቀድ መለካት ያለበት ወርዷ ሳይሆን ቁመቷ ነው። ስለዚህ ከታሰቡት ቦታዎች ግማሹ ይሰረዝ፣ ቀኑ ግን አይነካ።

ቁመቷን እንይ። ከአንድ ሺህ ሜትር በታች አንዲት ጋት መሬት የሌላት የዓለም ብቸኛ አገር ሌሶቶ ናት፤ ዝቅተኛው ቦታዋ እንኳ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደቡብ አፍሪካዋ ክዋዙሉ ናታል ሳኒ ፓስ በተባለው የተራራ መተላለፊያ የሚገባ መንገደኛ በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ካርታው ላይ ጥፍር የማታህል መስመር መሬት ላይ ጥምዝምዝ ያለ ገደል ሆና ትጠብቀዋለች። ፎር ዊል ድራይቭ ያልሆነ መኪና ከታችኛው ኬላ ይመለሳል፤ ኬላውም ሲመሽ ይዘጋል። በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር እያለ ያሰላ ሰው ሂሳቡ አልተሳሳተም፤ መንገዱ ነው አልስማማ ያለው።

“እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ተራራ ምን ያደርገናል?” የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። የሌሶቶው ታባና ንትሌንያና 3,482 ሜትር ሲሆን ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ሳኒ አናት ላይ፣ 2,876 ሜትር ከፍታ ያለው መጠጥ ቤት “የአፍሪካ ከፍተኛው” ነኝ ሲል የስሜንን ሰው ፈገግ ቢያሰኘው አይፈረድበትም። ነገር ግን የደጋ ልጅነት ሳንባን እንጂ ወቅትን አያስተካክልም። ከአዲስ አበባ ክረምት ላምልጥ ብሎ በሐምሌ የሄደ ሰው እዚያ በረዶ ይቀበለዋል፤ ስኪ የሚንሸራተቱበት ወር ነውና። ለገና የሄደ ደግሞ አገሩ ላይ የተሰናበተውን ዝናብ እዚያ ያገኘዋል። ሚያዝያ ይሻላል፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ብርዱም ገና አይጠናም።

ሌላው ተቃውሞ የኪስ ነው፤ “ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ሁሉንም ሳያዩ መመለስ ኪሳራ አይደለም ወይ?” አይደለም፤ እዚያ የሚታየው ነገር የሚታየው ቀስ ላለ ሰው ነው። ሴሞንኮንግ አጠገብ 192 ሜትር የሚወረወረውን የማሌትሱንያኔ ፏፏቴ በአገሬው የባሶቶ ፈረስ ሄደው ሲያዩት፣ ፍጥነቱን የሚወስነው አጭሩ ፈረስ ነው፤ ፈረሱ ደግሞ ፕሮግራም አያነብም። እረኛው ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ፣ የጨርቁን መስመር ሽቅብ አቁሞ ይለብሳል። አንድ ደጃፍ ላይ ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለ የማሽላ ጠላ ደርሷል ማለት ነው፤ ሰዓቱን እያየ የሚከንፈው ቱሪስት ግን እጅ የሰጠ መንደር መስሎት ያልፋል። ለነገሩ አገሩ ለችኩል ሰው ገር ሆኖ አያውቅም። የባሶቶ ንጉሥ ቀዳማዊ ሞሽዌሽዌ በ1824 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን ይዞ የወጣበት ታባ ቦሲው የተባለው አምባ በዘመኑ ብዙ ጦር ተሞክሮበት አልተደፈረም። ጦር ያልደፈረውን ተራራ የሦስት ቀን ፕሮግራም አይደፍረውም።

ስለዚህ አንድ ሸለቆ ይምረጡ፣ እዚያው ይሰንብቱ። በየብስ የሚገቡ ከሆነ ደቡብ አፍሪካ የሚገቡት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ሳይወድ የሌሶቶ ነዋሪ እንዳይሆን ያስብበት። የደቡብ አፍሪካው ራንድ ሌሶቶ ውስጥ እንደ ልብ ይሠራል፤ የሌሶቶው ገንዘብ ሎቲ ግን ዋጋው ከራንድ እኩል ሆኖ ሳለ ድንበር ሲሻገር ባለሱቁ አይቀበለውም። የተረፈዎትን ሎቲ እዚያው ብርድ ልብስ ይግዙበት።