ማሩ የት ገባ?

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ በባሕር ዛፎች መካከል በቆመ አንድ ትልቅ ጥድ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። ወሩ መስከረም ነው። አደይ አበባ ሜዳውን አልብሶታል፤ ቀሳሚዎቹ ሆዳቸውን ሞልተው ይገባሉ፣ አራግፈው ይወጣሉ።

ጥጋብ ሲመጣ የግንበኞቹ አለቃ አዲስ ደንብ አወጣች። “በቀፏችን ውስጥ አሮጌ ክፍል እንዳይታይ! አንድ ጊዜ እጭ ያደገበት ክፍል ይፍረስና በምትኩ አዲስ ይሠራ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?”

ደንቡ ሁሉንም ደስ አሰኘ፤ አዲስ ሰም ነጭ ነው፣ ያምራል። ግንበኞቹ ከሆዳቸው ሥር የሚወጣውን ስስ ቅርፊት እያላመጡ ሌት ተቀን የማር እንጀራ ሠሩ። ፍርስራሹን ጽዳቶቹ ተሸክመው ከቀፎው አፍ ይጥሉታል። ከዛፉ ሥር ክምሩ አደገ። ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ያየ ግን አልነበረም።

ይህን እኛም እናውቀዋለን። ቤቱ የሃይላንድ ጠርሙስ አጥቦ ዘይት የሚቀዳበት ሰው፣ ቢሮ ሲገባ በአንድ ገጹ ብቻ የታተመበትን ወረቀት ጨምድዶ ይጥላል። የመሥሪያ ቤት ንብረት ባለቤት የሌለው ይመስለዋል፤ የጣለው የት እንደሚደርስም አያይም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት ሲከመርበት የኖረው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ክምሩ የወረደው ወረቀቱን በጨመደዱት ላይ ሳይሆን እዚያው አጠገብ ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩት ላይ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ አደዩ ረገፈ። አውራዋ ጎተራውን አስፈተሸች፤ ግማሹ ባዶ ነው።

“ያን ሁሉ አበባ ቀስመን ማሩ የት ገባ?”

ዘበኞቹን ጠየቀች፤ ሌባ አልገባም። ቀሳሚዎቹን ጠየቀች፤ አንዷም አልሰነፈችም። በመጨረሻ ከተፈለፈለች ሳምንት ያልሞላት አንዲት ጽዳት ከኋላ ሆና ተናገረች።

“እመቤቴ፣ ማሩን የጣልነው እኛ ነን።”

ቀፎው ተንጫጫ።

“ግንበኛ ሰም የምታወጣው ማር በልታ ነው። ለ1 እጅ ሰም ከ6 እስከ 8 እጅ ማር ያልቃል። እኛ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ሰም እንጥላለን። ታች ያለው ክምር የራሳችን ማር ነው። አሁንማ የእሳት እራት እንቁላሏን ጥላበታለች፤ ትሉ ግንዱን ይዞ እየወጣ ነው።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?”

“ማን ጠይቆኝ?”

አለቃዋ ተቆጣች። “አንቺ ልጅ፣ አሮጌ ሰም አላምጦ ግድግዳ መሥራት የድሃ ቀፎ ሥራ ነው!”

ክንፏ የሳሳ አንዲት አሮጊት ቀሳሚ ቀና አለች። “እኔ መርካቶ ድረስ ወርጄ ምናለሽ ተራን አይቻለሁ፣ እህቴ። ቆራሌው በጆንያ ተሸክሞ ያመጣው ቆርቆሮና ብረት እዚያ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይቀጠቀጣል፣ ከመኪና ጎማ ጫማ ይቆረጣል። ያ እጅ ባለሙያ ነው፤ የስንቱን ቤት ጉሮሮ ይደፍናል። ደግሞስ ከመካከላችን በጽዳት ያልጀመረች ማን አለች? ያንቺም የመጀመሪያ ሥራሽ ክፍል መጥረግ ነበር።”

አለቃዋ መልስ አጣች። አውራዋ ፈረደች።

“ከነገ ጀምሮ ያፈረሰች ራሷ ትሸከም። እራቷ የነካችው ሰም ይውጣ፤ ጤነኛው ግን ከደጅ እንዳያልፍ። ጽዳቶቹ ሳይጠየቁም ግድግዳ አይፍረስ።”

በማግሥቱ ሸክሙን የጀመረችው አለቃዋ ናት። ወርዳ ክምሩን አየች፤ ትሉንም አየች። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ክንፏ ዛለ። ያን ዕለት ሊፈርስ ወደነበረው ግድግዳ ሄዳ ትንሿን ጽዳት አስጠራች።

“እስኪ ነካክተሽ እዪው። ምን ይመስልሻል?”

“መሠረቱ ጠንካራ ነው፣ እትዬ። የተሰበረው ከንፈሩ ብቻ ነው።”

“እንግዲያው ከንፈሩን አድሱት” ብላ ግንበኞቿን ጠራች፤ “ሰሙንም ከትናንቱ ፍርስራሽ ውሰዱ።”