ና ውሰደው!

የኢንተርኔት ሱቆች ማልቀስ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። እኔ ያወቅሁት ጫማ ሳይ ነው። አንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ቡናማ የቆዳ ጫማ ዓይኔ ገባ። ዋጋው በዶላር ስለሆነ የዕለቱን ምንዛሪ ለማየት ሌላ ታብ ከፍቼ ወደ ባንክ ገጽ ተሻገርኩ። ገና ቁጥሩን ሳላባዛ ከላይ በኩል አንድ ነገር ብልጭ ድርግም ይላል። ቀና ብዬ ሳይ፣ ቅድም «የወንዶች ጫማ» ይል የነበረው ታብ በዚያው በፈረንጅ አፉ «አትሂድብን!» ይላል። አጠገቡም ዕንባዋ ጉንጯ ላይ የቀረ ቢጫ ፊት ተለጥፋለች። እኔ እኮ የትም አልሄድኩም፤ የወጣሁት ለእሱው ስል ነው። ብሬን ቆጥሬ ልምጣ ብሎ የወጣን ገዢ ከኋላው «ከዳኸን» ብሎ ማልቀስ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ሳጣራ ነገሩ የአንድ ሆደ ባሻ ጫማ ሻጭ ጠባይ አይደለም። ራሱን የቻለ የገበያ ዘዴ ነው፤ የሚያስተምሩት አሉ፣ የሚሸጡት አሉ። አሠራሩም ቀላል ነው። ብራውዘሩ፣ ገጹ በዓይን እየታየ ይሁን ወይም ከሌላ ታብ ጀርባ ተደብቆ፣ ለራሱ ለገጹ ይነግረዋል። ይህ ነገር የድርን ደረጃዎች በሚያወጣው በደብልዩ ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቋል። ዓላማው እንኳ ቅዱስ ነበር፤ ማንም የማያየው ቪዲዮ እንዲቆም፣ ባትሪም ዳታም በከንቱ እንዳይበላ። ፓኬጅ እየቆጠርን ለምንኖር ለእኛማ ምርቃት ነው። ነጋዴዎቹ ግን ወሬውን ሰሙና «እንግዲያው ሰውየው ዞር ሲል እናውቃለን ማለት ነው!» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት ነው። ገጹ ሲደበቅ ርዕሱን ቀይር፣ ሲታይ መልስ። ዕንባው በነጻ ነው።

ጥሎ የሚሄድን ገዢ መጥራት በራሱ ነውር አይደለም። መርካቶ የቆመው በዚህ ነው። ዋጋ ትጠይቃለህ፤ ይነግርሃል፤ «ኧረ በለው!» ትላለህ፤ ግማሹን ትጠራለህ፤ እሱም ዘሩን የሰደብክበት ያህል ይቆጣል። ትወጣለህ። ሙያው የሚታየው ይኼኔ ነው። ጥሩ ነጋዴ ወዲያው አይጠራህም፤ መጀመሪያ አንገትህን ያያል። እርምጃው ያጠረ፣ ሰረቅ አድርጎ ወደ ኋላ የሚያይ፣ ጎረቤት ሱቅ ፊት ቆሞ ምንም የማይመለከት ሰው፣ እሱ ገዢ ነው። «ና እሺ፣ ትንሽ ጨምር!» ይባላል። አሁንም ከራቀ «ና ውሰደው!» ይባላል፤ ድምፁ ውስጥ ንዴትም፣ ሽንፈትም፣ የተደበቀ ትርፍም አለ። አንገቱን ሳያዞር ወደ አውቶቡስ ተራ ያቀናውን ግን ማንም አይጠራውም። ጉሮሮ ማባከን ነው።

«ና ውሰደው» ውስጥ ዋጋ አለ። ከመውጣትህ በፊት ያልነበረ ነገር ተጨምሮበታል፤ ስትመለስ የምትመለሰው ወደ ሌላ ሱቅ ያህል ነው። ጫማው ግን ስሄድም 120 ዶላር፣ ስመለስም 120 ዶላር። አዲሱ ነገር ዕንባው ብቻ ነው።

አንገትማ ከየት ይመጣል? ገጹ የሚያውቀው መታየቱንና አለመታየቱን ብቻ ነው። ዋጋ ሊያወዳድር የወጣውን፣ ለእናቱ መልእክት ሊመልስ የወጣውን፣ ጨርሶ የጠላውን፣ ሁሉንም በአንድ ዜማ ያለቅስበታል። በተለይ የሚያሳዝነኝ አለቃው ከኋላው ሲመጡ ደንግጦ የበጀት ሠንጠረዡን የከፈተው ሠራተኛ ነው። አለቃው ትከሻው ላይ ተደግፈው ሦስተኛውን ሩብ ዓመት እየመረመሩ ነው፤ ከላይ አንድ የውስጥ ሱሪ ሱቅ «ናፍቀኸናል» እያለ ብልጭ ድርግም ይላል።

የእህቴ ልጅ ድረ ገጽ ሠሪ ነው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ፣ ዋሺንግተንና ዱባይ ላሉ ደንበኞቻቸው ገጽ እንዲሠራላቸው ቀጥረውታል። እሱም የሚያለቅሰውን ታብ ሊጨምርበት አስቦ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ኮዱን ቡናው አንደኛ ሳይደርስ ጨርሼዋለሁ፤ የቸገረኝ ምን ብሎ ይጥራ የሚለው ነው።»

እንግሊዝኛ የማያውቀው ችግር ገጠመን። «ተመለሺ» ብንል ለሚስቱ ሊገዛ የገባውን አባወራ ማስቀየም ነው። «ተመለስ» ብንል ገዢዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። «ተመለሱ» ሲባል የወታደር ሰልፍ መሰለ። «ይመለሱ» ላይ ተስማምተን «እባክዎ ይመለሱ» ብሎ ጻፈና በራሱ ኮምፒዩተር ሞከረው። የእህቴ ልጅ ታብ ከፍቶ የሚዘጋ ፍጡር አይደለም። ታብ ሲበዛ ደግሞ እያንዳንዱ ይኮማተራል፤ በመጨረሻ ከትንሿ ምልክት በቀር የሚታይ ነገር የለም። የኛም ጥሪ «እባክዎ…» ላይ ተቆረጠ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሰማ ነገር ሆነ። «ጥለውን አይሂዱ» ብሎ ቢቀይረው «ጥለውን…» ብሎ ቀረ፤ የክስ መክፈቻ ይመስላል። «የመረጡት ቀሚስ እየጠበቀዎት ነው» የሚለው ደግሞ «የመረጡት…» ላይ ቆመ። ይህን ያየ ሰው የፓርላማ ጉዳይ ነው ብሎ ሳያነበው ይዘጋዋል።

«ቢቀርስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ይረሳል! ቀሚሱን ወዶ፣ ልኩን መርጦ፣ ስልክ ይደወልለታል፤ በቃ ታቡ እዚያው ይሻግታል። ማስታወስ ነውር ነው?»

ልጁ እውነት አለው። የራሴ ብራውዘር ውስጥ ለምን እንደከፈትኳቸው የጠፋኝ ገጾች አሉ፤ አንዱ ስለ ንብ እርባታ ነው፣ ንብ የለኝም። ርዕስን እየቀየሩ መጥራትም ሁሉ ጊዜ ልመና አይደለም። ጂሜይል ያልተነበበውን ደብዳቤ ቁጥር ርዕሱ ላይ በቅንፍ ያስቀምጣል፤ ፌስቡክም እንዲሁ፤ ድሮማ ቻት ሲመጣ የላኪው ስም ታቡ ላይ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። የስንቱ ፍቅር በዚያች ታብ ተጀምሯል! እዚያ ግን በርግጥ የመጣ ሰው፣ በርግጥ የተጻፈ ነገር አለ። ዛሬ አንዳንዱ ሱቅ ያችኑ ቅንፍ ተውሶ «(1)» ብሎ ይለጥፋል። ማን ጻፈልኝ ብለህ ትሮጣለህ። የጻፈልህ የገዛ ዘንቢልህ ነው፤ ባዶ አትተወኝ ይላል።

ደግነቱ ብራውዘሮቹም የሰለቻቸው ይመስላል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ተደብቆ ድምፅ የማያሰማ ገጽ ሰዓት ቆጣሪውን በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያነቃ ገድቦታል። ምክንያቱ የባትሪና የኮምፒዩተር ጉልበት ቁጠባ ነው። በእኔ አተያይ ግን ለቅሶው በፈረቃ ሆነ ማለት ነው።

ለእህቴ ልጅ ያልነገርኩት ቢኖር ስለ ሌቦቹ ነበር፤ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2010 አዛ ራስኪን የተባለ የሶፍትዌር ነዳፊ አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳየ። አንድ ተራ ገጽ ትከፍታለህ፤ ትተኸው ሌላ ታብ ውስጥ ትገባለህ። ጀርባህን ስትሰጠው ርዕሱንም፣ ትንሿን ምልክትም፣ ገላውንም ጂሜይል አስመስሎ ይለውጣል። አንተ ከብዙ ታቦችህ መካከል የራስህን ደብዳቤ ሳጥን ያገኘህ መስሎህ፣ «ከአካውንቴ አስወጥቶኛል» ብለህ የይለፍ ቃልህን ታስረክባለህ። ሰው የከፈተው ታብ ባለበት እንደሚቆይ ያምናል፤ ሌባው የሚኖረው በዚያ እምነት ላይ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃል ከመጻፍ በፊት የአድራሻውን መስመር ማየት ነው፤ ርዕስና ምልክትን ማንም ሊለብሳቸው ይችላል። እኔን የሚከነክነኝ፣ የጫማ ሻጩ ኮድና የሌባው ኮድ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት አንተ ዞር ስትል ታፔላ በመቀየር ነው።

እግረ መንገዴን፣ ይኸው ራስኪን ማለቂያ የሌለውን የስክሪን ጥቅልል ካመጡት ሰዎች አንዱ ነው፤ ኋላ ተጸጽቶበታል። ሳይጠሩት ዘሎ የሚከፈተውን የማስታወቂያ መስኮት ኮድ የጻፈው ኢታን ዙከርማንም እ.ኤ.አ. በ2014 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። የሠራው በ1990ዎቹ ትራይፖድ የሚባል ድርጅት ውስጥ እያለ ነው፤ አንድ የመኪና አምራች ማስታወቂያው ከብልግና ገጽ ጋር ታይቶበት ስላጉረመረመ፣ ማስታወቂያውን ከገጹ ለይቶ በራሱ መስኮት ማውጣት መፍትሔ መስሏቸው ነበር። የዚህ ሙያ ሰዎች መጨረሻ ላይ ወደ ይቅርታ የሚያደሉ ይመስለኛል። የእህቴን ልጅ «አንተ ገና ወጣት ነህ፤ የይቅርታህን ደብዳቤ ከኮዱ ጋር አብረህ ጻፈው» አልኩት።

የረታው ግን የእኔ ቀልድ አይደለም። አብሮት የሚሠራ ማየት የተሳነው ጓደኛ አለው። ጓደኛው ኮምፒዩተር የሚጠቀመው ጽሑፍ በሚያነብለት ፕሮግራም ነው፤ ከታብ ወደ ታብ ሲያልፍ ርዕሱ በድምፅ ይነገረዋል፤ ባንኩን ከጋዜጣው የሚለየው በርዕሱ ብቻ ነው። የተደራሽነት መመሪያዎች ርዕስ የገጹን ጉዳይ እንዲናገር የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። ሙከራውን ሲያስደምጠው ሦስት ታብ ተራ በተራ «አትሂድብን»፣ «ናፍቀኸናል»፣ «ወዴት ጠፋህ?» አሉት። ጓደኛው «የቤት ኪራይ የምከፍለው የቷ ጋ ነው?» አለ።

ልጁ በዚህ ተሸንፎ፣ ገዢ ሲወጣ ርዕሱ የቀሚሱን ስም ብቻ ይዞ እንዲቆይ አሰበ፤ «ነጭ ቀሚስ፣ አረንጓዴ ጥልፍ»። ለወይዘሮዋ ሁለቱንም፣ የሚያለቅሰውንም ይህንንም፣ አሳያቸው። «ናፍቀውናል» የሚለውን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ማን ናት የናፈቀችኝ? ሳላውቃት?»

«ደንበኛ ናት፣ እትዬ። አይታ የወጣች።»

«አይታ ከወጣችማ ትውጣ፤ ዓይን አይከለከል። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ አልቅሼ አላውቅም። የቀሚሱን ስምም ተወው፣ ለራሷ አይታዋለች። ስልኬን ጻፍበት።»

ርዕስ ላይ ስልክ ቁጥር እንደማይጻፍ አስረዳቸው። በስልክ ከሆነ ስንት ሰው በጥሪው እንደተመለሰ መቁጠር እንደማይቻል አስረዳቸው። ዋሺንግተን ከእኛ ሰባት ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ሌሊት ሊደወል እንደሚችልም አስረዳቸው።

«ይደወላ! ዋጋ የምቀንሰው በስልክ ነው። አንተ እዚያ ላይ የጻፍከው እኮ የማይከራከር ሰው ዋጋ ነው።»

አሁን የቀረው ጭቅጭቅ ቁጥሩ በ09 ይጀምር ወይስ በ+251 የሚለው ነው። ከውጭ ለሚደውል ሰው +251 ግድ ነው፤ ችግሩ፣ በተጨናነቀ ታብ ላይ ከ+251 ቀጥሎ የሚታይ ነገር የለም።